«ቤቶች!» ብሎ ደጅ የቆመው፦ ስለ ተከታታይ አስቂኝ ድራማዎቻችን ማርጀት

የቴሌቪዥን ተከታታይ አስቂኝ ድራማ ከሌሎቹ የተውኔት ዘርፎች የሚለይበት ዋና ባሕርይ አለመጨረሱ ነው። ትራጀዲ በሞት፣ የመድረክ ኮሜዲ ባመዛኙ በሠርግ ይፈጸማል። ልብ አንጠልጣዩ ተከታታይ ድራማም፣ «ገመና»ን ወይም «ሰው ለሰው»ን ብንወስድ፣ የተቋጠረው ምስጢር ሲፈታ መሰናበቱ ግድ ነው። በየሳምንቱ የሚመጣው የሣቅ ድራማ ግን የሚፈታ ቋጠሮ የለውም። ቤት አለው፤ ጠባያቸው የታወቀ ነዋሪዎች አሉት፤ በነዋሪዎቹ መካከል አንድ አለመግባባት ይነሣል፣ ይጦዛል፣ ይበርዳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም በነበረበት ይገኛል። ስለሆነም ለዚህ ዘርፍ ዋናው ጥያቄ እንዴት ይፈጸማል የሚለው ሳይሆን፣ ሳይፈጸም እንዴት ሳያረጅ ይቆያል የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአገራችን ድራማዎች ላይ ያነሣል። ጉዳዩ ተራ መዝናኛ የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ በአንድ አገር በምን መሣቅ እንደሚፈቀድና በምን እንደማይፈቀድ የሚታወቀው በዚያው በመዝናኛው ሰዓት መሆኑን እንዲያስብልኝ እለምናለሁ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ጊዜ በቴሌቪዥኑ የሚገኘው ሣቅ የአጫጭር ጭውውት ሣቅ ነበር፤ ጊዜውም የበዓል ዝግጅትና የእሑድ መዝናኛ ሰዓት ነበር። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያቀረቧቸውን ጭውውቶች አብዛኛው የዚህ መጽሔት አንባቢ፣ አንዳንዱ በአገር ቤት፣ አንዳንዱም እዚህ በቪዲዮ ካሴት ያስታውሳቸዋል። ቋሚ ቤትና ቋሚ ቤተሰብ ያለው የሣቅ ድራማ ሥር የሰደደው ከእነርሱ በኋላ ነው። ከዚህኛው ወገን ረጅም ዕድሜ ካገኙት ግንባር ቀደሙ አርቲስት ጥላሁን ጉግሳ ዋናውን ቦታ ይዘው የሠሩበት «ቤቶች» ነው። ይህ ድራማ በ2000ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጀምሮ ከአሥር ዓመት ያላነሰ ዘልቋል፤ ክፍሎቹም በመቶዎች ይቆጠራሉ። በማስታወቂያ ገቢ ለሚኖር የአማርኛ ድራማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተዋንያኑ እርስ በርስ ተለማምደው የደረሱበትን የንግግር ቅልጥፍና፣ በተለይም አንዱ ሳይጨርስ ሌላው የሚቀበልበትን አነጋገር፣ በመድረክ ቲያትራችን እንኳ ዘወትር አናገኘውም።

በ«ቤቶች» ላይም ሆነ በመሰሎቹ ላይ ሲሰነዘር የሚሰማው ወቀሳ ግን አንድ ነው፤ «ተደጋገመ፤ ቀልድ አለቀባቸው» የሚል። ወቀሳው ምልክቱን በትክክል ያያል፤ በሽታውን ግን ይስታል። ድግግሞሽ በራሱ ሣቅን የሚገድል ቢሆን ኖሮ የአማርኛ ቀልድ ሁሉ ከሞተ ስንት ዘመኑ! አለቃ ገብረ ሐና ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። በእኚህ ሊቅ ስም የሚነገረውን ተረብ ሰሚው አስቀድሞ ያውቀዋል፤ መልሱ ምን እንደሆነ እያወቀ፣ እንዲያውም ስለሚያውቀው ይሥቃል። እንግዲህ የሚያሥቀው የመልሱ አዲስነት አይደለም፤ ከሊቁ ፊት የሚቆመው ሰው ነው። ንጉሡ አሉ፣ እቴጌይቱ አሉ፣ ንፉጉ ባለጸጋ አለ። ተረቡ በተነገረ ቁጥር ተናጋሪው በዚያ ቦታ የራሱን ዘመን ባለሥልጣን ያቆማል፤ ሰሚውም ስም ሳይጠራለት ያውቀዋል። ሊቁ አንድ ናቸው፤ ባላጋራቸው ግን በየዘመኑ ይለወጣል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረን የቅኔ ቤት ሥርዓት ነው። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ እያለ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር የሚዘልቀው መልክ የተወሰነ ነው፤ የቤቱ ብዛት፣ ዜማውና የሚቀርብበት ቦታ በተቀኚው ፈቃድ አይለወጥም። ይዘቱ ግን በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት። የትናንቱን ቅኔ ለዛሬ ይዞ የሚቀርብ ተማሪ በባልንጀሮቹ ፊት ያፍራል፤ የሌላውን ይዞ የቀረበማ እንደ ሌባ ይቆጠራል (ምንም እንኳ ቅኔ «ይዘረፋል» ቢባልም)። ሊቃውንቱ መልኩን አጽንተው ይዘቱን ማደስ ከቻሉ፣ አንድ ቤትና አንድ ቤተሰብ ቋሚ መሆኑ ብቻውን ለድራማ ማርጀት ሰበብ ሊሆን አይችልም።

እርግጥ የጊዜ ነገር አለ። ጥንዶቹ ኮሜዲያን አንድ ጭውውት ለረጅም ጊዜ ይይዙት ነበር፤ በአዳራሽ ሞክረው ያላሣቀውን ቆርጠው፣ ያሣቀውን አስረዝመው ነው ወደ ቴሌቪዥን የሚያመጡት። ሳምንታዊው ድራማ ይህ ዕድል የለውም። በአሜሪካ የኖረው ልማድ በአንድ የሥርጭት ዘመን ሃያ ሁለት ያህል ክፍሎችን በጋራ በሚሠሩ ጸሐፊዎች ማስጻፍና በክረምት ማረፍ ነበር፤ በእኛ አገር ግን ሸክሙ በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ይወድቃል። እንግሊዛዊው ጆን ክሊስ ከኮኒ ቡዝ ጋር የጻፈው «ፎልቲ ታወርስ» በ1975 እና በ1979 እ.ኤ.አ. ስድስት ስድስት ክፍል ብቻ ቀርቦ ቆመ፤ እስከዛሬም ይወደሳል። ነገር ግን አሥራ ሁለት ክፍል ጽፎ በክብር ማቆም ሌላ መተዳደሪያ ላለው ሰው የሚቻል ነው። ለአዲስ አበባ ተዋናይ ድራማው የቤት ኪራዩ ነው። ስለዚህ «በጊዜ ለምን አላቆሙም?» የሚለውን ጥያቄ እኔ ከሂስ አልቆጥረውም።

ድራማ ሲደክም የሚወሰዱት መድኃኒቶች በዓለም ሁሉ ይመሳሰላሉ፤ ሕፃን ይወለዳል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ቤተሰቡ ሽርሽር ይሄዳል። «ሃፒ ዴይስ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ በ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1977 እ.ኤ.አ. ላይ ጀግናውን ፎንዚን በውኃ ላይ ስኪ አስይዞ ከሻርክ በላይ አዘለለው። ከዚያ ወዲህ አሜሪካኖች አንድ ድራማ ለዛው ማለቁን ሲናገሩ «ሻርክ ዘለለ» ይላሉ። የእኛ ሻርክ ከገጠር የመጣው ዘመድ፣ የደረሰው ሎተሪ፣ ከአሜሪካ የተመለሰው ዲያስፖራ ነው (ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ)። ልብ ሊባል የሚገባው ግን «ሃፒ ዴይስ» ሻርኩን ከዘለለ በኋላ እስከ 1984 እ.ኤ.አ. መታየቱ ነው። የደከመ ድራማ ተመልካች ያጣል ብሎ የሚያስብ ሁሉ ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

ለጉዳያችን የተሻለ ብርሃን የሚሰጠው ሌላ የአሜሪካ ድራማ ነው። «ማሽ» ከ1972 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. በሲቢኤስ ቴሌቪዥን የታየ፣ በኮሪያ ጦርነት ወቅት በአንድ የመስክ ሆስፒታል ስለሚሠሩ ሐኪሞች የሚናገር የሣቅ ድራማ ነው። ያን ጦርነት እኛም እናውቀዋለን፤ የቃኘው ሻለቃ ልጆች ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ተራ በተራ በዚያ ምድር ተዋግተዋል፣ ወድቀዋልም። ጦርነቱ የፈጀው ሦስት ዓመት ሲሆን ድራማው አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። በዚህም ምክንያት ለመሰልቸትና ለመደጋገም ከማንም ይልቅ የተጋለጠ ነበር። በመጋቢት ወር 1975 እ.ኤ.አ. ግን እንዲህ ሆነ፤ የሆስፒታሉ አዛዥ ኮሎኔል ሄንሪ ብሌክ አገልግሎቱን ፈጽሞ ወደ አገሩ እንዲመለስ ተፈቀደለት። ተሸኘ፤ ተሣቀ፤ ተሳፈረ። በመጨረሻው ትዕይንት ወጣቱ ጸሐፊ ቀዶ ጥገናው ክፍል ገብቶ የኮሎኔሉ አውሮፕላን በጃፓን ባሕር ላይ ተመትቶ እንደወደቀና የተረፈ ሰው እንደሌለ አነበበ። ሐኪሞቹ እንባቸውን እያፈሰሱ እጃቸው ላይ ያለውን በሽተኛ መስፋታቸውን ቀጠሉ። ተመልካቹ ተቆጣ፤ የተቃውሞ ደብዳቤም ወደ ጣቢያው ጎረፈ። የዚያ ክፍል ርእስ፣ የኢትዮጵያ ልጅ ሰምቶ ሊያልፈው በማይችለው አጋጣሚ፣ «አቢሲኒያ፣ ሄንሪ» ይባላል። በእንግሊዝኛ «ደህና ሁን፣ እንገናኛለን» የሚለው ስንብት ፈጠን ተብሎ ሲነገር የአገራችንን የቀድሞ መጠሪያ ስለሚመስል የተቀለደ የቃላት ጨዋታ ነው።

ያ ክፍል ድራማውን ምን አደረገው? ተዋናዩ ለመልቀቅ ስለፈለገ የተጻፈ ነው፤ ሌላ ድራማ ቢሆን ኖሮ ኮሎኔሉ አገሩ ገብቶ ፖስትካርድ ይልክ ነበር። ደራሲዎቹ ግን ይህ ቤት ሰው ሊያጣ ይችላል የሚለውን ሕግ አወጁ። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ቀልድ ሥር ያ ዕለት አለ። ድራማው ስምንት ዓመት ገደማ ቀጥሎ የመጨረሻውን ክፍል በየካቲት 28 ቀን 1983 እ.ኤ.አ. ሲያቀርብ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመለከተው። የእንግሊዙ «ላስት ኦቭ ዘ ሰመር ዋይን»ም በ1973 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ሲዘልቅ፣ ቢል ኦወን የተባለው ተዋናይ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ የተጫወተውን ገጸ ባሕርይ አብረው ቀበሩት እንጂ በሌላ ሰው አልተኩትም። የእኔ አስተያየት ከዚህ ይነሣል፤ ተከታታይ የሣቅ ድራማ የሚያረጀው ቀልድ ሲያልቅበት ሳይሆን ቤቱ ምንም ሊጎድልበት የማይችል ሲሆን ነው።

አሁን ወደ «ቤቶች» እንመለስ። ይህ ቃል የቤት ብዙ ቁጥር ብቻ አይደለም። ከደጅ የቆመ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚጣራበት ቃልም ነው፤ «ቤቶች!» ይላል፣ ከውስጥ «ማነው?» ይባላል፣ በሩ ይከፈታል። ለሣቅ ድራማ ከዚህ የተሻለ ርእስ ማግኘት ያስቸግራል። ማን መጣ? ይገባል ወይስ ይመለሳል? ከገባስ ቤቱ እንደነበረ ይቆያል? ርእሱ እነዚህን ጥያቄዎች በየሳምንቱ ይጠይቃል። ድራማው ግን ባለፉት ዓመታት ውስጥ «ቤቶች!» ብሎ ደጅ ከቆመው ነገር የትኛውን አስገባ?

በዚያ ዘመን ውስጥ አገሪቱ በተደጋጋሚ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀባት፤ መንግሥት ተለወጠ፤ ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ እስከ 2015 ዓ.ም. ጥቅምት ድረስ በሰሜኑ ክፍል ብዙ ሕይወት የቀጠፈ ጦርነት ተካሄደ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተቀሰቀሰ፤ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ተለቅቆ ዋጋው በእጅጉ ወረደ። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማው ዳር ተበተኑ። ከእነዚህ መካከል ቴሌቪዥኑ የሚፈቅዳቸው፣ የኑሮ ውድነት፣ ሙስና፣ የልጆች አስተዳደግ የመሳሰሉት፣ በሣቅ ድራማዎቻችን ውስጥ የክፍል ርእስ ይሆናሉ። ነገር ግን እንደ ርእስ ገብተው እንደ ርእስ ይወጣሉ። ትምህርት ይሰጥባቸዋል፤ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ጥፋቱን ይረዳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከሳሎኑ አንድ ወንበር አልጎደለም። ተመልካቹ ዘይት ስንት እንደገባ ያውቃል፤ የድራማው እናት ግን ዘወትር ወጥ ትሠራለች።

የቤት ሠራተኛዋን ጉዳይ ለብቻው ማንሣት ይገባል። በቴሌቪዥን የሣቅ ድራማዎቻችን በአጠቃላይ ሠራተኛዋ የከተማን ቃል የምታጣምም፣ መልእክት የምታዛባ፣ የገጠር አነጋገሯ የሚያሥቅ ሴት ናት። መንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ»ን ሲጽፍ ገረዲቱን የቤቱ መሠረት የሚናጋባት ሰው አድርጎ ነበር ያመጣት፤ ተምሮ የመጣው ወጣት ጌታ ከእርሷ ጋር መኖሩ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ያተራምሳል፤ ሣቁም የሚመነጨው ከዚያ ትርምስ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለው ግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ የእውነቷ የቤት ሠራተኛ ቤይሩት ሄዳለች፣ ሪያድ ሄዳለች፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎቿ ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋት ሲሄዱ ዓለም አይቷል። በአዲስ አበባም ሠራተኛ ማግኘትና ማቆየት ለመካከለኛው ቤተሰብ ትልቅ ራስ ምታት ከሆነ ቆይቷል። ይህ ሁሉ ለኮሜዲ የተዘጋጀ ማዕድ ነው። እመቤት ሠራተኛዋን ስትለማመጥ፣ ሠራተኛዋ ፓስፖርቷን በጉያዋ ይዛ ስትደራደር ማየት ከመቶ የተጣመመ ቃል ይበልጥ ያሥቃል፤ ያማልም። የድራማዎቻችን ሠራተኛ ግን አትሄድም። ነገም እዚያው ናት፤ ቃሉንም ነገ ታጣምመዋለች።

ታዲያ ቤቱ ምንም እንዳይጎድልበት የሚፈልገው ማን ነው? በመጀመሪያ ጣቢያው ነው። የመንግሥት ቴሌቪዥን ሣቅን የሚቀበለው «አዝናኝና አስተማሪ» በሚል ውል ነው፤ አስተማሪነቱም የሚታረመው ዘወትር ግለሰቡ እንጂ ቢሮው አይደለም ማለት ነው። ሁለተኛው ወጪውን የሚሸፍነው ስፖንሰር ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን በብሮድካስት ላይ ሲገድብ፣ ከቢራ ፋብሪካዎች ገንዘብ ይኖሩ የነበሩ ዝግጅቶች ብዙ ገቢ አጡ። ድራማው ከዚያ ወዲህ የባሰ ጥንቁቅ ቢሆን የሚያስገርም አይደለም። ሳሙና ሻጩም ሆነ ቤት ሠሪው ኩባንያ ማስታወቂያውን እንዲያዋስነው የሚሻው ሶፋው ያልተቀደደበትን ሳሎን ነው። ሦስተኛው ወገን ተመልካቹ ነው፤ ስለ እርሱ ከዚህ በታች እናገራለሁ።

ቤቱን ለአደጋ ያጋለጠ የሣቅ ድራማ አልተሞከረም ማለት ግን አይቻልም። በኃይሉ ዋሴ የጻፈው «ምን ልታዘዝ» በፋና ቴሌቪዥን ታይቷል። ቦታው አንድ ካፌ ነው፤ ባለቤት አለ፣ አስተናጋጆች አሉ፣ ደንበኞች አሉ። ከርእሱ ጀምሮ ሰምና ወርቅ ነው። «ምን ልታዘዝ» የአስተናጋጅ ትሕትና ነው፤ መታዘዝን የለመደ ሰው አንገት መድፋትም ነው። ተመልካቹ ካፌው አገር መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። በለውጡ ማግስት የተነሣው ተስፋም ሆነ ግራ መጋባት፣ የባለቤትነት ጥያቄውም ሆነ የወረፋው ግፊያ በዚያ ካፌ ጠረጴዛዎች መካከል ይንቀሳቀስ ነበር። ሳምንቱ ራሱ ጽሑፉን ያቀብለው ስለነበር ስለ ድግግሞሽ የሚያማርር አልተሰማም። በ2011 ዓ.ም. ግን አዘጋጆቹ በሥራቸው ላይ ጣልቃ ገብነት እንደበዛባቸው ገልጸው ድራማው ተቋረጠ።

ታሪኩ አዲስ አይደለም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ «የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ሲያቀርብ፣ በእንስሳት ተረት ተሸፍኖ የቀረበው ትችት ለቤተ መንግሥቱ አልጠፋውም፤ በንግሥት ዘውዲቱ ትእዛዝ ታገደ። ዘመናዊ ቲያትራችን በሣቅ ተወልዶ በዚያው በሣቁ ምክንያት ታፈነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ «ምን ልታዘዝ»ን በሰማዕትነቱ ብቻ ማወደስ ለሂስ አይበቃም። ምሳሌያዊው አሠራር የራሱ የማርጀት መንገድ አለው። ተመልካች በየሳምንቱ «ይህ እገሌ ነው፣ ያ እገሊት ናት» እያለ እንቆቅልሽ መፍታት ከለመደ፣ አስተናጋጇ ሰው መሆኗ ይቀርና ምልክት ትሆናለች፤ ወርቁን ያገኘ ሰውም ሰሙን ይጥለዋል። ጥሩ ቅኔ ግን ወርቁ ከተገኘ በኋላ ሰሙ አይጣልም፤ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። ያ ካፌ አምስትና ስድስት ዓመት ቢፈቀድለት ኖሮ ወደ የትኛው ይሄድ እንደነበር ከተሠሩት ክፍሎች በእርግጠኝነት መፍረድ አይቻልም። «ቤቶች» ሰሙን ጠብቆ ወርቁን አጣ፤ «ምን ልታዘዝ» ወርቁን ይዞ ዕድሜ አጣ። በኢቢኤስ የታየውን «በስንቱ»ን የመሳሰሉ ኋላ የመጡ ድራማዎች የተወለዱት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ስለ ተመልካቹ የያዝኩትን ላብቃ፤ ተመልካቹ እኛም ነንና። እዚህ በአርሊንግተን በኮሎምቢያ ፓይክ ዳር ካሉት ሱቆች የቪዲዮ ካሴት እየተከራየን የበዓል ጭውውት እናይ የነበረበት ጊዜ ነበር፤ ካሴቱ ከእጅ እጅ ሲዞር ምስሉ እየደበዘዘ ድምፁ ይቀር ነበር። ኋላ እዚሁ አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኢቢኤስ ሲቋቋም ሳተላይቱ መጣ፤ ቀጥሎም ዩቲዩብ። ዛሬ በአዲስ አበባ የታየ ክፍል በዚያው ሌሊት እዚህ ይታያል። ዩቲዩብ ደግሞ በአሜሪካ የተቀመጠን ተመልካች ለማስታወቂያ ከሌላው ይልቅ ከፍ ባለ ዋጋ ይተምነዋል። ስለዚህ የስደተኛው ምርጫ ከቁጥሩ በላይ ይመዝናል። ምርጫው ምንድን ነው? ባመዛኙ ያው ሳሎን፣ ያው ቡና፣ ያው የበር ድምፅ ነው። ሲቪል ሰርቪሱን፣ ቀበሌውን፣ ሰፈሩን ትቶ ለወጣ ሰው ያልተለወጠ ግቢ ማየት ዕረፍት ነው። በዚህ አልፈርድም። ሆኖም ለአዲስ አበባው ተመልካች ድክመት የሆነው ነገር ለእኛ መጽናኛ መሆኑን፣ መጽናኛችንም በጠቅታ ተቆጥሮ ወደ ደራሲው እንደሚመለስ ማወቅ ይኖርብናል። ጣቢያውና ስፖንሰሩ ቤቱ እንዳይነካ ሲሹ፣ እኛም ከዚህ ሆነን ከእነርሱ ጋር ድምፅ እንሰጣለን።

ለዚህ ውለታ የተከፈለን ምላሽ «ዲያስፖራው» ነው። ይህ ገጸ ባሕርይ በፊልሞቻችንም ሆነ በድራማዎቻችን ሃያ ዓመት ሙሉ ልብሱን እንኳ አልቀየረም። ሰንሰለት ያጠልቃል፤ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ጣል ያደርጋል፤ ገንዘቡን ይዘራል፤ ይታለላል። ምሁሩ አንባቢ ሲያየው ይቆጣ ይሆናል፤ ቁጣው ግን ከንቱ ነው፤ ምክንያቱም ገጸ ባሕርዩ ውሸት ስለሆነ ሳይሆን ያረጀ ስለሆነ ነው የማያሥቀው። ከናሽናል አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ የሚጭነው፣ የመመረቂያ ጽሑፉን በሻንጣው ይዞ የኖረው የታክሲ ነጂ የት አለ? አማርኛ ጠይቃ በእንግሊዝኛ የሚመለስላት እናትስ? ሬሳ ወደ አገር ለመላክ ሲመክር ቅርንጫፍ የሚከፍለው እድርስ? ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ባንኩና ጥቁር ገበያው ሲቀራረቡ፣ «በየትኛው ልላክ?» እያለ ከወንድሙ ጋር በስልክ የሚጨቃጨቀው ሰውስ? እነዚህን ከአዲስ አበባ ሆኖ መጻፍ ያስቸግራል፤ እዚህ ሆኖ የሚጽፋቸው ግን ብዙ መሆን ነበረበት። አስቂኝ ሰዎች አጥተን አይደለም። ታማኝ በየነ በመድረክ ያሣቀው ሕዝብ ብዙ ነበር፤ ስደቱና ፖለቲካው ግን ከሣቁ ይልቅ ለንግግሩ ፈለጉት። በሌሎቹም ላይ የደረሰው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ አደባባዩ መድረኩን ዋጠው።

ሊጻፍ የሚችለው ክፍል ለምሳሌ ይህ ነው። ከአርሊንግተን የተነሣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ሰንሰለት ሳያጠልቅ፣ ቦሌ ደርሶ ወደ ፒያሳ ያቀናል። የእኅቱ ቤት የት እንደሆነ ማንንም አይጠይቅም፤ ዐይኑን ጨፍኖ ያገኘዋል። ታክሲው በሰፊ አዲስ መንገድ ዳር ያወርደዋል። የብስክሌት መስመር አለ፣ አበባ አለ፣ የመብራት ምሰሶ አለ፤ በር የለም። ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ ግራ ቀኙን ያያል፤ በልማድም፣ ጮክ ብሎ፣ «ቤቶች!» ይላል። በብስክሌት የሚያልፍ ልጅ ቆም ብሎ «አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?» ይለዋል።